«ቡና ቀላ» በትርጉም ሚዛን፦ የሚበላው ቡና በጉዞ መዛግብት፣ በመዝገበ ቃላትና በገበያ ስያሜ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኤድንብራ ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ ታሪክ ውስጥ ስለ ቡና የምትናገር አንዲት አጭር ምንባብ አለች። ኦሮሞዎች፣ ብሩስ ዛሬ ተቀባይነት በሌለው ስም የሚጠራቸው፣ ሰፊ በረሃ አቋርጠው ሲዘምቱ ሌላ ስንቅ አይዙም፤ ቡናውን ቆልተው ያደቁታል፣ በቅባት ይለውሱታል፣ በቢሊያርድ ኳስ መጠን ያድበለብሉታል፣ በቆዳ ከረጢት ይይዙታል። አንዲቱ ድብልብል ከዳቦም ከሥጋም ይልቅ ዘማቹን ቀኑን ሙሉ ታውለዋለች፤ ሆድ መሙላት ብቻ ሳይሆን መንፈስም ታነቃቃለችና። የብሩስ ቃል በአጭሩ ይህን ይመስላል።

ምንባቧ ከመጽሐፉ ወጥታ የራሷን ኑሮ መኖር ከጀመረች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ስለ ቡና ታሪክ በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት «ቡና መጀመሪያ ይበላ ነበር፣ በኋላ መጠጣት ተጀመረ» ለሚለው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ አድርገው ይጠቅሷታል። የኛ አገር የጉብኝት ጽሑፎችና የምግብ መጻሕፍትም ከእነዚያ ወስደው መልሰው ወደ አማርኛ አምጥተዋታል። በዚህ መመላለስ ውስጥ አንድ ነገር ጠፍቷል። ብሩስ የገለጸው ዱቄት ነው፤ የቡና ፍሬ ተቆልቶ፣ ደቅቆ፣ በቅባት ተለውሶ የተድበለበለ። ዛሬ ከወለጋ እስከ ጉጂ፣ ከጉጂ እስከ ሰሜን ኬንያ ቦረና ድረስ «ቡና ቀላ» ተብሎ የሚታወቀው ምግብ ግን ዱቄት አይደለም። ሙሉ ፍሬ ነው፣ ከነገለፈቱ፤ አይወቀጥም፣ አይፈጭም፣ አይድበለበልም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቡናና ቅባት ብቻ ነው። ቡናና ቅባት መኖሩ አንድ ምግብ ለማሰኘት ከበቃ ግን ጨጨብሳና ቅንጬም ቅቤና እህል ስላላቸው አንድ መባል ነበረባቸው።

ልዩነቱ የወጥ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ አጥኚ ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ነገሩ ያለው ግን ስሙ ላይ ነው። የብሩስ ድብልብል በምንባቡ ውስጥ ስም የለውም። ደራሲው ቁሱን ገለጸ፣ መጠኑን በአውሮፓ ጨዋታ ኳስ ለካ፣ ጥቅሙን አደነቀ፣ ሰዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን አልጻፈም። ስም የሌለው ምግብ ስም ካለው ምግብ ጋር ሲገናኝ ስሙን ይወርሳል፤ «ቡና ቀላ» የብሩስን ድብልብል መጠሪያ ሆኖ የሚገኝባቸው ጽሑፎች የተፈጠሩትም በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሙሉ ፍሬው ወደ ኋላ ቀርቶ «የጥንት ተዋጊዎች ስንቅ» የሚለው ሥዕል ፊት ለፊት ወጣ። ሥርዓቱ በምርቃትና በልመና የታጀበ፣ በቤት ውስጥ የሚከናወንና በአብዛኛው በእናት እጅ የሚሠራ መሆኑ ተረሳና የዘመቻ ምግብ ተደረገ። አንድ ስም ባልተገባው ነገር ላይ መለጠፉ ያስከተለው ጥፋት ይህን ያህል ነው።

ምግቡ እንዲህ ይሠራል። ደርቆ ከነሽፋኑ የተቀመጠ ቡና፣ የቡና ነጋዴ «ጀንፈል» የሚለው፣ ይታጠባል። የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ በጥርስ ተነክሶ ወይም በሌላ መንገድ ይከፈታል። ከዚያ በሸክላ ወይም በብረት ድስት ከቅቤ ጋር እሳት ላይ ይጣዳል፤ ቅቤው በተከፈተው ጫፍ ይገባል፣ ፍሬው ያብጣል፣ ይንጣጣል። ጨው የሚጨምር አለ፣ ወተት የሚያፈስበት አለ፣ በአንዳንድ ቤት ከገብስ ቆሎ ጋር ይቀርባል። ፍሬው ይታኘካል፤ የቀረው ቅቤ እጅና ፊት፣ አንዳንዴም ራስ ይቀባበታል። በመካከሉ ሽማግሌው ወይም የቤቱ እናት ይመርቃሉ፤ ሰላም፣ ዝናብ፣ ልጅና ከብት ይለመናል።

«ቀላ» የሚለው ቃል ከዚህ ውስጥ የቱን ይሰይማል? በኦሮምኛ «ቀሉ» ማረድ ነው፤ በግ ሲታረድ፣ ኮርማ ሲታረድ የሚነገረው ግሥ ይኸው ነው። ሶማሊኛም «ቀል» ሲል ማረድ ማለቱ ነው። እንግዲህ «ቡና ቀላ» በቀጥታ «የቡና ዕርድ» ወይም «የታረደ ቡና» ነው። ስያሜው ጥብሱን አይናገርም፣ ቅቤውን አይናገርም፣ ማኘኩንም አይናገርም። የሚናገረው የፍሬው ጫፍ የሚከፈትባትን ቅጽበት ነው፤ ያቺ ቅጽበት የበግ ጉሮሮ ከሚከፈትባት ቅጽበት ጋር በአንድ ግሥ ተጠርታለች። ቡናው በእንስሳው ቦታ ይቆማል። ከብት ለማረድ አቅም ወይም አጋጣሚ የሌለው ቤተሰብ ፍሬ ያርዳል፤ ያለውም ቢሆን ለዕለት ተዕለት ልመና ፍሬው ይበቃዋል።

ወደ አማርኛ ሲሻገር ቃሉ የሚገጥመው እንቅፋት እዚህ ይጀምራል። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ቡና ቀላ» ሲባል ሦስት ነገር ሊሰማ ይችላል። የመጀመሪያው «ቀላ»፣ ቀይ ሆነ፣ ነው፤ የቡና ፍሬ ሲበስል ስለሚቀላ ይህ ፍች ያለ ችግር ይዋጣል። ሁለተኛው «ቆላ» ነው፤ «ቡና ቆላ» በአማርኛ የረጋ ሐረግ ስለሆነ ያልተለመደውን በተለመደው መተካት ለአንባቢም ለአራሚም ይቀላል። በዚህ ላይ የአጻጻፍ መዋዠቅ ይጨመራል። በቁቤ የመጀመሪያው አናባቢ በአንድ ፊደል፣ የመጨረሻው በሁለት ይጻፋል፤ አማርኛ የአናባቢ ርዝመት ስለማይለይ አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ያስተናግዳል። «ቀላ» የሚለው አጻጻፍ ስለዚህ ተገቢ ነው። ሆኖም «ቃላ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ እንዲህ ሲጻፍ ከማንኛውም የአማርኛ ግሥ ጋር ሳይገናኝ የባዕድ ስም ሆኖ ይቀራል። ቀይነትም ሆነ ቁሌት ከስያሜው ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው ግን የኦሮምኛው ግሥ ብቻውን ይመሰክራል።

ሦስተኛው «ቀላ» ተርጓሚዎች የዘለሉት ነው። አማርኛ «አንገቱን ቀላው» ይላል፤ «በሰይፍ ተቀላ» ይላል። ይህ ግሥ ዛሬ በአብዛኛው በታሪክ መጻሕፍት፣ በገድልና በመጽሐፍ ቅዱስ ትረካ የሚገኝ ቢሆንም የሞተ ቃል አይደለም፤ ማንም የተማረ አንባቢ ይረዳዋል። በድምፁ ከኦሮምኛው «ቀሉ» ጋር ይገጥማል፣ በፍቹም አንገትን በስለት መለየት ነውና ከማረድ አንድ እርምጃ አይርቅም። ተርጓሚው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም ነበር። «የተቀላ ቡና» ቢል ድምፁንም ፍቹንም ሥዕሉንም በአንድ ጊዜ ያተርፍ ነበር፤ የፍሬው ጫፍ መነከስ በእርግጥ አንገት መቅላትን ይመስላልና። ከዚህ ይልቅ በጽሑፎች የሚታዩት «በቅቤ የተጠበሰ ቡና»፣ «የቡና ጥብስ»፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ «የቡና ሥነ ሥርዓት» ናቸው።

የመጨረሻውን «የባሰ» ያሰኘው ምክንያት አለ። «የቡና ሥነ ሥርዓት» የሚለው ሐረግ ራሱ የኋላ ዘመን ስያሜ ነው፤ በአማርኛ ቤት ውስጥ ሰው «ቡና ይፈላል»፣ «ቡና እንጠጣ»፣ «ቡና ጠሩኝ» ይላል እንጂ «ሥነ ሥርዓት» አይልም። ይህ ስያሜ ከበረከቦት፣ ከዕጣንና ከቄጠማ ጋር ተሳስሮ በቱሪዝም ቋንቋ ተደላድሏል። «ቡና ቀላ» በዚህ ስያሜ ሥር ሲገባ የጀበናው ቡና አንድ ዓይነት፣ የአካባቢ ልዩነት፣ «የኦሮሞ ቡና አፈላል» ይሆናል። ሲሆን ግን አይፈላም! አይቀዳም፣ አቦልና ቶና የለውም። በአንዱ ውስጥ ያለው የግሥ ሰንሰለት ቆላ፣ ወቀጠ፣ አፈላ፣ ቀዳ፣ ጠጣ ነው፤ በሌላው ግን አጠበ፣ ቀላ፣ ጣደ፣ መረቀ፣ አኘከ፣ ተቀባ። ሁለት የግሥ ሰንሰለቶች የሚጋሩት አንድ ስም ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው ከስም ሳይሆን ከግሥ ቢነሳ ይህን ስህተት ባልሠራ ነበር።

«የተቀላ» በሚለው ላይ ሊነሳ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ «ቀላ» የቅጣትና የጦርነት ግሥ ነው፤ የሚቀላው ወንጀለኛ፣ ሰማዕት ወይም የተማረከ ጠላት ነው። ለበረከት የሚደረገው «ዕርድ» ነው፤ ለእንግዳ ይታረዳል፣ ለበዓል ይታረዳል። ኦሮምኛው «ቀሉ» የሚሸከመውን ሰላምና ምርቃት «ቀላ» አይሸከምም። በዚህ ሚዛን «የታረደ ቡና» የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ «ዕርድ» በአማርኛ የማዕድ ቃል ነውና። ሆኖም «የታረደ ቡና» ፍችን ሲያተርፍ ድምፅን ያጣል፤ ወደ ኦሮምኛው ስያሜ የሚመልስ ክር አይኖረውም። ለመዝገበ ቃላት ጥሩው መንገድ ስሙን እንዳለ «ቡና ቀላ» ብሎ ማስፈር፣ ከዚያም «ቀላ፦ በኦሮምኛ ማረድ፤ ከአማርኛው አንገት ቀላ ጋር ይነጻጸራል፣ ከቀላ (ቀይ ሆነ) እና ከቆላ ጋር አይገናኝም» ብሎ መቁረጥ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ትርጉም ግን፣ በተለይ ግጥማዊ ለሆነ ምርቃት፣ «የታረደ» ይሻላል። አንድ ቃል ለሁለቱም ሥራ አይበቃም።

የመስክ ተመራማሪዎች በዚህ ረገድ ከተጓዦች በእጅጉ ይሻላሉ። ላምበርት ባርትልስ በ1983 ባሳተመው የምዕራብ ኦሮሞ እምነት ጥናት የመጫ ልመናዎችንና ምርቃቶችን በኦሮምኛ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አስፍሯል፤ አንባቢው ትርጉሙን ቢጠራጠር ወደ ቃሉ መመለስ ይችላል። ማሪዮ አጊላር ስለ ዋሶ ቦረና፣ በሰሜን ኬንያ በጋርባ ቱላ ዙሪያ ስለሚኖሩት፣ ባጠናው ጥናት በ1998 በታተመው መጽሐፉ «ቡና ቀላ» እስልምናን በተቀበለ ኅብረተሰብ ውስጥ የቤተሰብ ሥርዓት ሆኖ መዝለቁን አሳይቷል። የአጊላር ማስረጃ ለቋንቋ ጥናት ተጨማሪ ዋጋ አለው። ዋሶ ቡና የማይበቅልበት ቆላ ነው፤ ፍሬው ከሱቅ ይገዛል። ቃሉና ሥርዓቱ ተክሉ ከሌለበት ቦታ መዝለቃቸው ስያሜው ከእርሻ ሳይሆን ከዕርድ መስክ የመጣ መሆኑን ያጠናክራል። አርብቶ አደር የሚያውቀው ማረድን ነው፤ ቡናውን ባልዘራው መሬት ላይ በሚያውቀው ግሥ ሰየመው።

አማርኛ ለሚበላው ቡና ግሥ አጥቶ ነው እንዳይባል ስለ መብላት ያሉትን ቃላት መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። «በላ» እና «ጠጣ» ዋናዎቹ ቢሆኑም በመካከላቸው «ቃመ»፣ «ቆረጠመ»፣ «አኘከ»፣ «መጠጠ» አሉ። «ቃመ» ደረቅ ነገርን በእጅ ዘግኖ ወደ አፍ መጨመር ነው፤ ቆሎ ይቃማል፣ በሶ ሳይበጠበጥ ይቃማል። ጫትም ይቃማል። ይህ የመጨረሻው ትኩረት ይገባዋል፤ ጫት ቅጠል እንጂ እህል አይደለም፣ አማርኛ ግን ከቆሎ ጋር በአንድ ግሥ አሰልፎታል። ኦሮምኛም ለጫት «ቀማኡ» ይላል። ሶማሊኛ በአንጻሩ ለጫት ብቻ የሚያገለግል «ቀይል» የሚል ግሥ አለው፤ ማንኛውም እህል አይጋራውም። አንዱ ቋንቋ አነቃቂውን ተክል ከምግብ ጋር ያስቀምጣል፣ ሌላው ለብቻው ክፍል ይሠራለታል። የኦሮሞ እናት የምታቀርበውን ቅቤ የጠጣ ፍሬ አማርኛ ተናጋሪ ቢያገኘው «ቃመ» ወይም «ቆረጠመ» ማለቱ አይቀርም፤ ተርጓሚዎች ግን «ተመገቡ» የሚለውን ለስላሳ ቃል ይመርጣሉ፤ የእጁም የጥርሱም እንቅስቃሴ አብሮ ይጠፋል።

ወደ ቅጠሉና ወደ ገለፈቱ ሲመጣ የምግብና የመጠጥ ድንበር ራሱ ይደበዝዛል። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ባስቀመጠው የግርጌ ማስታወሻ በሐረርና በየመን ፍሬው ለውጭ ንግድ እንደሚጠበቅ፣ የደቡብ ዐረቦች ገለፈቱን «ቅሽር» ብለው እንደሚያፈሉ፣ በሐረር ይህ የሴቶች መጠጥ መሆኑን፣ ወንዶቹ ደግሞ ፍሬው ለአየሩ ደረቅና አቃጣይ ነው ብለው ቅጠሉን በምጣድ አምሰው፣ ወቅጠው፣ በፈላ ውኃ እንደሚጠጡት ይገልጻል። ማስታወሻው ከአምስት ዐረፍተ ነገር ባይበልጥም ከብሩስ ምንባብ ይልቅ ይጠቅማል፤ አንድን ተክል በሦስት አካሉ ለይቶ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ፣ ምክንያትና አሠራር ሰጥቶታል። ጉድለቱ ግን ያው ነው፤ የዐረቡን ቃል ጻፈ፣ የሐረሪውን አልጻፈም። ዛሬ የሐረር ሰው የቅጠሉን መጠጥ «ቁጢ» ይለዋል። ቮልፍ ሌስላው በ1963 የሐረሪን የቃላት ምንጭ መዝገብ ካሳተመ በኋላ የሐረር ስሞች ከዐረብኛው ጥላ ወጥተው ለብቻቸው ሊመዘኑ የሚችሉበት መሠረት አለ፤ ስለ ቡና የሚጽፉ ግን ወደዚያ መዝገብ ሳይሆን አሁንም ወደ በርተን ይሄዳሉ።

በደቡብ ምዕራብ ሁኔታው የተለየ ነው። ወላይትኛ ቡናን «ቱኪያ» ይለዋል፤ የቅጠሉ መጠጥ «ሃይታ ቱኬ»፣ የቅጠል ቡና ነው። እዚህ «ቡን» የሚለው ሥር ፈጽሞ የለም። በከፋ «ቡኖ» ይባላል፤ ስለዚህ «ኮፊ ከከፋ መጣ» የሚለው ታዋቂ ዝምድና፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ተክሉ ካለበት አገር ቋንቋ ድጋፍ አያገኝም፤ ከፋዎች ራሳቸው ተክሉን በአገራቸው ስም አይጠሩትምና። በቤንች፣ በሸካና በአካባቢው የሚዘጋጀው «ጨሞ» የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣ ወይም ከቃሪያ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር የሚፈላበት ነው። ይህን «የቅጠል ሻይ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ሻይ ስኳር ይጠራል፤ ጨሞ ግን ጨውና በርበሬ ይጠራል፣ ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ከቃሉ ውስጥ ጣዕሙን የሚያወጣ ተርጓሚ «ሾርባ» ለማለት ይቀርብ ነበር። «ሻይ» የሚለው ያሸነፈው ቅጠልና ፈላ ውኃ ባለበት ሁሉ የዘመናዊው አንባቢ አእምሮ ሌላ መደብ ስለሌለው ነው።

ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ መሻገር ነገሩን ያጠራዋል። በቡጋንዳ ሉጋንዳ ሁለት ቃል አለው፤ የሚታኘከው ፍሬ «እምዋኚ» ነው፣ የሚጠጣው «ካዋ» ነው። ሁለተኛው በስዋሂሊ «ካሃዋ» በኩል ከዐረብኛው «ቀህዋ» የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው የባንቱ ነው። በሰሜን ምዕራብ ታንዛኒያ የሃያ ሕዝብ «አካምዋኒ» ይላል፤ «ካ» ትናንሽ ነገሮች የሚሰለፉበት የስም መደብ ምልክት ነው። ሃያዎች ያልበሰለውን ፍሬ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ለእንግዳ በእጅ ይሰጡታል፤ ብራድ ዋይስ በ2003 ባሳተመው ጥናት ይህ የእጅ ስጦታ ለዓለም ገበያ ከሚሸጠው ቡና ጋር እንዴት ጎን ለጎን እንደኖረ መርምሯል። በቡጋንዳም የደም ወንድማማችነት የሚታሰረው ለሁለት የተከፈለን የቡና ፍሬ በደም ነክቶ በመለዋወጥ ነበር፤ አንዱ ፍሬ ሁለት ፍንካች ስላለው። ስዋሂሊም ቢሆን «ቡኒ» ሲል ፍሬውን፣ «ካሃዋ» ሲል መጠጡን ይለያል፤ ዐረብኛውም «ቡን» እና «ቀህዋ» ብሎ እንደሚለየው።

አማርኛ ግን ለተክሉ፣ ለፍሬው፣ ለዱቄቱና ለመጠጡ «ቡና» አንድ ነው። ይህ የቃላት ድህነት አይደለም፤ የገበሬውና የነጋዴው አማርኛ እሸት፣ ጀንፈል፣ ገለፈት እያለ ይለያል። ይሁን እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከገበያው ይልቅ ከሳሎኑ ስለሚነሳ የሚያስቀድመው መጠጡን ነው። ከዚያም አንባቢው፣ በተለይ ሁለተኛ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ተማሪ፣ «ቡና» ሲል የሚጠጣ ነገር ብቻ ይታየዋል። የጉጂ ልጅ አያቱ ቤት ያኘከውን ነገር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አያገኘውም።

የብድር ቃላቱ ሽፋን ይህን ክርክር ለማጠናከር ደጋግሞ ይጠራል። «አቦል» ከዐረብኛው «አወል»፣ «በረካ» ከ«ባረካ»፣ «ስኒ» ከ«ሲኒ»፣ «ፊንጃል» ከ«ፊንጃን»፤ የጀበናው ቡና ቃላት ከቀይ ባሕር ማዶ የተሻገሩ ናቸው። «ቀላ»፣ «ጨሞ»፣ «ሃይታ ቱኬ» ግን የአገሩ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው መብላቱ ቀደመ፣ መጠጣቱ ተከተለ» ማለት ፈታኝ ነው፤ የብሩስን ምንባብም የሚያፀና ይመስላል። መደምደሚያው ግን ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። የብድር ቃል የሚያሳየው አንድ ልማድ በየት በኩል እንደተስፋፋ ነው፤ ዕድሜውን አያሳይም። አንድ ቤተሰብ ጥንት በራሱ ቃል ሲጠጣ የነበረውን በኋላ በተከበረ የንግድ ቃል ሊጠራው ይችላል። የአገር ቃል መሆንም ጥንታዊነትን አያረጋግጥም፤ «ቀላ» የጥንት ግሥ ቢሆንም ቡና ላይ የዋለው በየትኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል። የሽፋኑ ጥናት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ የሚበላው ቡና የተስፋፋበት መረብ የሚጠጣው ከተስፋፋበት መረብ የተለየ መሆኑን። ይህም ራሱ ትልቅ ግኝት ነውና ባልተረጋገጠ ቅደም ተከተል መሸፈን አይገባውም።

የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ ስለ ሁሉም ዝም ማለቱ በሌላ ምክንያት ይገለጻል። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱ ተጽፏል፤ እስላሞች ያን ተክል ስለሚወዱት የሚል ማብራሪያም ተጨምሮበታል። አነቃቂ ተክል በጽሑፉ ውስጥ ሲገባ የሃይማኖት ድንበር ሆኖ ገባ ማለት ነው። ቡናም እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በክርስቲያኑ ዘንድ በዚሁ ዓይን ሲታይ መቆየቱን ሪታ ፓንክኸርስት በ1997 በኪዮቶ ለተካሄደው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ባቀረበችው ጽሑፍ ዘርዝራዋለች። ከዚህ በላይ ማተት አያስፈልግም፤ ብዕሩ የነበረው ቡናውን በሸሸው ወገን እጅ ነው።

ዛሬ ብዕሩ በሌላ እጅ ነው፤ ስያሜውም ከአካባቢው ቋንቋዎች ውጭ እየተወሰነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የቡና ቅጠል ፈሳሽን፣ በ2022 ደግሞ የደረቀውን የቡና ፍሬ ሽፋን «ከሦስተኛ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ» በሚለው የሕግ መደብ ሥር ፈቅዷል። መደቡ «ምግብ» ማለቱ ከአብዛኛው የአማርኛ ጽሑፍ ይልቅ ለጨሞ የቀረበ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሽፋኑ ግን በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ካስካራ» በሚለው የስፓኝኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ልጣጭ ብቻ ነው። ዐረብኛው «ቅሽር»፣ አማርኛው «ገለፈት» ከዚያ የሚያንስ ምንም የላቸውም። በአዲስ አበባ አንዳንድ ካፌዎች ከእኛው ገለፈት የሚፈላው መጠጥ «ካስካራ» ተብሎ ሲቀርብ የሚጠፋው ዋጋ ሳይሆን ክር ነው፤ ጠጪው ከሐረር ሴቶች መጠጥ ጋር የሚያገናኘው ቃል አይኖረውም።

የአገር ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት በየዩኒቨርሲቲው እየተዘጋጁ ባለበት በዚህ ጊዜ ጥቂት ቁርጥ ያሉ ነገሮች ይጠበቃሉ። ለ«ቡና» የሚሰጠው መግለጫ ከተክሉ ተነስቶ በቅጠል፣ በገለፈት፣ በሙሉ ፍሬና በፍንካች ይከፈል፤ ለእያንዳንዱ የሚውለው ግሥ ይጻፍ፣ ይቀላል ወይስ ይቆላል፣ ይታኘካል፣ ይቃማል ወይስ ይጠጣል ተብሎ። የተጨማሪው ዓይነት፣ ቅቤ ይሁን ጨው ወይም ስኳር፣ የፍቹ አካል ሆኖ ይግባ፤ ጨሞን ከሻይ የሚለየው ጨው ነውና። የብሩስ ድብልብል ከተጠቀሰ ያለ ስም ይጠቀስ፤ «ቡና ቀላ» ለሙሉው ፍሬ ይተው። በ«ቀ» ክፍልም «ቀላ» በሦስት የተለያዩ መግቢያዎች ይቀመጥ፤ ቀይ የሆነው ለብቻ፣ አንገት የለየው ለብቻ፣ ከኦሮምኛ የመጣውና ቡና የታረደበት ለብቻ፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያመላክት «ተመልከት» የሚል ቃል ተጨምሮበት፣ ከመጀመሪያው ግን ምንም ማመላከቻ ሳይኖር።